ሸክላውን አነገሥን፣ ካሴቱን ረሳን

«ወርቃማው ዘመን» የምትለዋ ሐረግ ከአፋችን አልወጣ ካለች ሰነባበተች። ቴሌቪዥኑ ይላታል፤ ሬዲዮኑ ይላታል፤ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ጡረተኛ ይላታል፤ ይባስ ብሎ በዚያን ጊዜ አባቱ እንኳ ያልተወለደ ጎረምሳ ይላታል። ሐረጓ ስትነሣ በዓይነ ሕሊና ድቅን የሚል ሥዕል አለ፦ ጎፈሬውን ያበጠረ ወጣት፣ ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ፣ አጭር ቀሚስ የለበሰች ኮረዳ፣ ከበስተኋላቸው ጥሩምባና ሳክስፎን የሚነፋ ባንድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመርፌ ሥር የሚሽከረከር ሸክላ። ቦታው ፒያሳ ወይም ውቤ በረሃ ነው፤ ሰዓቱ ሌሊት ነው፤ ጊዜው ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ አብዮቱ ዋዜማ ነው።

እኔ ሥዕሉን አልጠላውም። የሚከነክነኝ ግድግዳውን ብቻውን መያዙ ነው። የትናንት ወረታችንን፣ ማለትም በየጊዜው የተነሣንበትንና የተውነውን አለባበስ፣ ዘፈን፣ ጭፈራና ፊልም ስንቆጥር አንዱን ዐሥር ዓመት አንግሠን ከዚያ በኋላ የመጣውን ከሃያ ዓመት በላይ የሚሆን ዘመን እንዳልነበረ አድርገን ዘለነዋል። የተዘለለው የካሴት ዘመን ነው። ይህ መዝለል በጥበብ ሚዛን ተመዝኖ የተሰጠ ፍርድ ነው ብዬ አላምንም። ነገሩን ከሥሩ ብናየው የዕቃ ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን። ሸክላ ጠንካራ ነውና ቆየ፣ ቆየና ከበረ፤ ካሴት ተበላሸና ተረሳ።

ይህን የምጽፈው ከዓለም ባንክ ሆኜ ነው። ዋሽንግተን ያለውን መሥሪያ ቤት ሳይሆን በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና ብዙም ሳይርቅ ያለውን ሰፈር ማለቴ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በባንኩ ብድር ከተሠሩ ቤቶች ነው። በ«ወርቃማው ዘመን» ሥዕል ውስጥ ዓለም ባንክ የለም። ሊኖርም አይችልም፤ ሰፈራችን ሰው የሞላበት፣ ከየቤቱ ሙዚቃ የተሰማበት ጊዜ የካሴት ጊዜ ነበርና። በአዲስ አበባ ዙሪያ እንዲህ ያለው ሰፈር ስንት ነው? በየክፍለ አገሩስ ያለው ትንንሽ ከተማ? የሸክላውን ሌሊት የጨፈሩት ጥቂት ነበሩ፤ ካሴቱን የሰማው ግን አገር ነው።

*

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ ወርቅ ያልነው ዘመንም በራሱ ጊዜ መዳብ ነበር። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ተቃወሙት፤ ነገሩም ከመንግሥት ጋር ወደ ግጭት አመራ። የክሱ ፍሬ ነገር የምዕራቡ ዓለም የባህል ወረራ ነው የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ ከሳሾቹ የመንደር ሽማግሌዎች ሳይሆኑ የዘመኑ ተራማጆች ነበሩ። ሽማግሌዎቹም በበኩላቸው አጭሩን ቀሚስ በሌላ ምክንያት ሲያወግዙት ኖረዋል። እንዲህ ቀኙም ግራውም ተባብሮ የረገመውን ወረት ነው እኛ ዛሬ ቅርስ ብለን የምንስመው።

ከሳሾቹ ፍጹም ተሳስተዋል አልልም። የጊዜው ወጣት ከአሜሪካ የሚመጣውን የሶል ሙዚቃ በአሥመራው የቃኘው ጦር ሰፈር ሬዲዮ፣ በሰላም ጓድ መምህራን፣ በሸክላም እየሰማ ይኮርጅ ነበር። ዓለማየሁ እሸቴ የኤልቪስ ፕሬስሊንና የጄምስ ብራውንን አኳኋን ይዞ መድረክ ላይ ሲወጣ ምንጩን አልደበቀም፤ ሕዝቡም በዚያው ስም ጠራው። ነገሩ በኩረጃ ብቻ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ግን ዛሬ የሚያነሣው ባልተገኘ ነበር። ያዳነው ቅኝቱ ነው። ልብሱ ከውጭ መጣ፣ መሣሪያው ከውጭ መጣ፣ አቋቋሙ ከውጭ መጣ፤ ዜማው ግን ከትዝታና ከአንቺሆዬ፣ ከባቲና ከአምባሰል ቤት አልወጣም።

ለነገሩ መሣሪያውም ቢሆን የረጅም ጊዜ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የሚባሉት አርመናውያን ወጣቶችና አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይዘውት የገቡት የነሐስ ሙዚቃ በኋላ በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ውስጥ አደገ። ከዚያ ጌታቸው መኩሪያ መጣና በሳክስፎን ሽለላ አሰማን። በአውሮፓ የተሠራ ቱቦ የአባቶቻችንን ፉከራ ሲፎክር «ይህ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ መልሱ ጆሮው ላይ ነው።

ስለዚህ አንድ ወረት ሲመጣ «ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው። የቀረው ግማሽ «ከመጣ በኋላ እጃችንን ጨመርንበት ወይ?» የሚለው ነው። የሰፈሬን ስም እዩት። የታክሲ ረዳት «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» እያለ ሲጣራ ብድርና ወለድ ትዝ የሚለው ተሳፋሪ የለም፤ ትዝ የሚለው ቤቱ ነው። ስሙ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ ሰው ተወልዶበት፣ ሰው ተቀብሮበት፣ ዕድር ተቋቁሞበት የአገር ስም ሆኗል። የሳክስፎኑም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

*

ለመሆኑ መዳቡ ወርቅ የሆነው እንዴት ነው? በዚያን ጊዜ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ዐምኃ እሸቴ የሚባል ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ ግን በ1961 ዓ.ም. ገደማ ይህን ደንብ ደፍሮ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ የመጀመሪያውም የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ኅትመቱ የሚካሄደው በውጭ አገር ፋብሪካ ነው። ፊሊፕስም ገባበት፣ ዓሊ ታንጎ እየተባለ የሚጠራው ዓሊ አብደላ ካይፋም ቀጠለ። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ይህ ሁሉ ሲያከትም የወጣው ወደ አምስት መቶ የሚጠጋ ትንንሽ ሸክላና ሠላሳ ያህል ትልልቅ ሸክላ ነበር። ወርቃማው ዘመን በዕቃ ሲቆጠር ይኸው ነው፤ አንድ ቁም ሣጥን ይበቃዋል።

ቁም ሣጥኑን የከፈተልን ደግሞ ባዕድ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የመሐሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 በብራሰልስ እንዲታተም አደረገ፤ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የሚባለውን ተከታታይ ሥራ በፓሪስ ማውጣት ጀመረ። በ1997 ዓ.ም. አሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ በፊልሙ ውስጥ ሲያስገባው ዓለም ጆሮውን አቀና፤ እኛም ዓለምን ተከትለን አቀናን። ጥላሁንንና ብዙነሽን ያከበርነው በፈረንጅ ምክር ነው ማለቴ አይደለም፤ እነሱን ሕዝቡ ከፈረንጅ በፊት ያውቃቸዋል። «ወርቃማ» የሚለውን ማኅተም ግን ያተምነው ከዚያ ወዲህ ነው። የፋልሴቶን ድካም አመሰግናለሁ። ይሁንና ሰብሳቢ የሚሰበስበው የተረፈውን ነው። የተረፈው ሸክላ ነበርና ዘመኑ በሸክላ ልክ ተሰፋ።

*

አሁን ወደ ተዘለለው እንምጣ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ኑሮ ቆለፈው፤ ዐምኃ እሸቴም በ1967 ዓ.ም. ከአገር ወጣ። የሌሊት ጭፈራ በየሆቴሉ ግቢ ተወሰነ። በሰዓት እላፊ የተያዘ ሕዝብ የሚሰማው በቤቱ ነው፤ በቤት ለመስማት ደግሞ ካሴትን የሚያህል አልነበረም።

ካሴት ለድሃ የተፈጠረ ዕቃ ነው። ሸክላ ማጫወቻ ያለው ቤትና መብራት የገባለት ሰፈር ይፈልጋል፤ ካሴት በባትሪ ድንጋይ ይዘፍናል። ሸክላ አይቀዳም፣ ወይም ለመቅዳት ሌላ መሣሪያ ይሻል፤ ካሴት ባለሁለት አፍ ቴፕ ከተገኘ አንዱ ለሌላው ይቀዳለታል። ቴፑ ክሩን ሲበላው በእስክሪብቶ እየጠመዘዙ ያድኑታል። የከባድ መኪና ሾፌር ይዞት ጎጃም ይገባል፤ ወታደር ይዞት ግንባር ይሄዳል። የአንድ ካሴት ዕድሜ ስንት ጆሮ እንዳገለገለ የሚቆጥር ሒሳብ የለም።

ዕቃው ሲለወጥ ጥበቡም ተለወጠ። ይህን ተቺዎቻችን ብዙ ያስተዋሉት አይመስለኝም። ትንሿ ሸክላ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን ትይዛለች፤ ዘፋኙ ሁለት ጥሩ ዘፈን ካለው ይበቃዋል። ካሴት ግን ዐሥር ያህል ዘፈን ይጠይቃል። አድማጩም እንደ ዛሬው በጣቱ እየዘለለ የሚመርጥ አልነበረም፤ አንዱን ገጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰምቶ ይገለብጣል። ስለዚህ ካሴት እንደ መጽሐፍ መደራጀት ነበረበት፤ መክፈቻው፣ የኀዘኑ፣ የጭፈራው፣ መዝጊያው ቦታ ቦታ ነበራቸው። ለዐሥር ዘፈን ግጥምና ዜማ ማቅረብ የአንድ ሰው ትከሻ የሚችለው አልሆነምና የግጥምና የዜማ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ መጣ፤ እንደ ይልማ ገብረ አብና እንደ አበበ ብርሃኔ ያሉ ሰዎች ስማቸው ከዘፋኙ ጋር አብሮ የሚጠራ ሆነ። ሮሃና ኢትዮ ስታር የመሳሰሉ ባንዶች በአንድ ድምፅ ዘፋኝ እየለዋወጡ አጀቡ። ኤፍሬም ታምሩ፣ አስቴር አወቀ፣ ነዋይ ደበበ፣ ኩኩ ሰብስቤ፣ ጸሐዬ ዮሐንስ በየቤቱ የገቡት በካሴት ነው።

ዜማው ከአዳራሽ ወጥቶ ሳሎን ስለገባ ድምፁም ዝግ አለ። የሸክላው ዘፋኝ የሚጨፍር ሕዝብ ፊት ይጮኻል፤ የካሴቱ ዘፋኝ አልጋው ላይ ለተጋደመ አንድ ሰው ያንጎራጉራል። ግጥሙ ሳንሱር የሚያልፍ የፍቅር ግጥም ነው፤ ሰሚው ግን ልጁ ለዘመተችበት፣ ወንድሙ ለተሰደደበት፣ ታሳሪው ላልተመለሰበት ቤት አድርጎ ይፈታዋል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሕዝብ ይህ አያስቸግርም። «አብዮቱ ሙዚቃን ገደለ» የሚለው አባባል የሆቴሉን ሌሊት በተመለከተ እውነትነት አለው፤ ሳሎኑን በተመለከተ ግን የለውም።

ደግሞም ካሴት ዘፈን ብቻ አልነበረም። የማሪቱ ለገሠ የወሎ ዜማ፣ የዓሊ ቢራ የኦሮምኛ ዘፈን፣ የትግርኛውና የጉራጊኛው ጭፈራ የትውልድ ቀዬውን አልፎ የሄደው በካሴት ነው። በእኛ ሰፈር ከአንዱ ቤት መዝሙር፣ ከሚቀጥለው መንዙማ፣ ከታች ካለው ግሮሰሪ የባህል ዘፈን አንድ ላይ ሲወጣ መስማት ብርቅ አልነበረም። ወደ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ ደብዳቤ መጻፍ ሲያታክታት ድምፅዋን ቀድታ ትልክ ነበር፤ አንዲት ጎረቤቴ የልጃቸውን ድምፅ የያዘ ካሴት ዛሬም በነጠላ ጠቅልለው ከሣጥናቸው አስቀምጠዋል። የሚያጫውቱበት ቴፕ ግን የላቸውም።

«ግን እኮ አብዛኛው ካሴት እንቶ ፈንቶ ነበር» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ክሱን አልሸሸውም። በተለይ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ባንዱን አባርሮ በአንድ ኪቦርድና በተቀዳ ከበሮ ዐሥር ዘፈን የሚሞላ ነጋዴ በዝቶ ነበር። ዜማው እርስ በርሱ የሚኮራረጅ፣ ግጥሙ ቤት ከመድፋት ያለፈ ሐሳብ የሌለው ካሴት በየሳምንቱ ይወጣ ነበር። ሆኖም ከአምስት መቶ ሸክላ ውስጥ ስንቱ ነው ዛሬ የሚሰማው? እዚያም ገለባው ብዙ ነው፤ ልዩነቱ የሸክላው እህል በወንፊት የማለፍ ዕድል ማግኘቱ ነው። የካሴቱ ግን ከነገለባው ጎተራ ውስጥ እየነቀዘ ነው። ሳይነፉ «ገለባ ነው» ማለት ፍርድ አይባልም።

*

ይህ ነገር በሙዚቃ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ቪዲዮ ቤት ሲመጣ፣ ልጆች በሳንቲም ተጋፍተው የሕንድና የካራቴ ፊልም ሲያዩ፣ «ትውልድ ጠፋ» ተባለ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ የጥበብ ማኅበራት ተቃውሞ አሰሙ፤ ክሱ በ1960 ዓ.ም. ከተሰማው ጋር ቃል በቃል ይመሳሰል ነበር። ዛሬ ደግሞ ተከሳሹ በእጅ ስልክ የሚታየው የአንድ ደቂቃ ጭፈራ ነው።

እኔ ለእነዚህ ሁሉ ነፃ ይውጡ አልልም፤ ያንኑ ጥያቄ ላቅርብላቸው ነው የምለው። እጃችንን ጨመርንበት ወይ? ነቢይ መኮንን በእስር ቤት ሳለ በሲጋራ ወረቀት ላይ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ሲተረጉም የማርጋሬት ሚቼልን የአሜሪካ ልብ ወለድ ወስዶ የአማርኛ መጽሐፍ አደረገው፤ ስለዚህም መጽሐፉ ከባዕድ መጣ ብሎ የሚያኮርፍ አንባቢ አላየሁም። ከቱርክ በተመለሱት ድራማዎች ግን የጨመርነው ድምፅ ብቻ ነበር። ተዋንያኑ የሚናገሩት አማርኛ የማንም ሰፈር አማርኛ አልነበረም፤ ከከንፈር ጋር ለመግጠም ሲል ተረቱንም ለዛውንም አራግፎ የቀረ አማርኛ ነው። ክሱ መቅረብ የነበረበት በዚህ ላይ ነው። «ቱርክ ነው» ብሎ መክሰስ ግን ሳክስፎኑን «ፈረንጅ ነው» ብሎ እንደመክሰስ ነው።

የአንድ ደቂቃውን ጭፈራ በተመለከተ ለፍርድ አልቸኩልም። የእስክስታውን ትከሻ ከባዕድ ምት ጋር የሚያጋጥሙ የሰፈሬ ልጆች አያለሁ፤ አንዳንዱ ያስቃል፣ አንዳንዱ ያስደንቃል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ «ወርቃማ» የሚል ቢመጣ አይገርመኝም። የሚገርመኝ የሚመሰክርለት ነገር ተርፎ ከተገኘ ነው።

*

ስጋቴን በአንድ እውነተኛ ታሪክ ላስረዳ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሕዶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። የካሴት ዘመን ተቺዎች የሚጠሉት ያው ኪቦርድ በእሱ እጅ የድሮውን አኮርዲዮን ትዝታ ሲያንጎራጉር ተገኘ። ካሴቱ አገር ቤት ተሰማ፣ ተወደደ፣ ተረሳ። ኃይሉም በዋሽንግተን አካባቢ የታክሲ ሾፌር ሆኖ ኖረ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ከካሴት መሸጫ ያቺን ካሴት አገኛት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደ ገና ታተመች፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ።

ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ የሚያስፈራም ነው። ሰውየው ያን ቀን ሌላ ሱቅ ገብቶ ቢሆንስ? የእኛ የጥበብ ታሪክ በአንድ መንገደኛ የገበያ ዕድል ላይ የተንጠለጠለ ነው ማለት ነው። እንደዚያች ያሉ ስንት ካሴቶች በአየር ጤና፣ በደሴ፣ በጅማ በየአልጋው ሥር እየሻገቱ እንደሆነ ማን ቆጠረ? የካሴት ክር ዘላለማዊ አይደለም፤ እርጥበት ያጣብቀዋል፣ ሙቀት ያቆረፍደዋል፣ ድምፁም ከዓመት ዓመት እየደከመ ይሄዳል። ማጫወቻውም፣ ማጫወቻ የሚጠግነውም ባለሙያ እየጠፋ ነው።

«በስልክ ላይ ሁሉም አለ» የሚሉኝ አሉ። አለ፤ እንዴት እንዳለ ግን እንይ። ዘፈኑ ይጫናል፤ የካሴቱ ሽፋን ግን ይቀራል። በዚያ ሽፋን ላይ ገጣሚው፣ የዜማው ደራሲ፣ አቀናባሪው፣ ጊታር የመታው፣ ድምፅ የቀዳው በስም ተጽፎ ነበር። ስልኩ ላይ የዘፋኙ ስም ብቻ፣ እሱም አንዳንዴ ተሳስቶ፣ ይቀራል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነገር ግን ባለመብቱ ማን እንደሆነ የሚመሰክረው ወረቀት ከጠፋ ሕጉ ማንን ይጠብቃል?

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ለመጻሕፍት ያለውን ክብር ለካሴትም ይስጥ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ርእስ ሲመርጡ ከሸክላው ዘመን ወዲህ ያለውንም ይመልከቱ። የድሮ ሙዚቃ ቤት ባለቤቶች የቀረቻቸውን ዋና ቅጂ ለቆራሌው ከመስጠታቸው በፊት አንድ ጊዜ ያስቡ። እኛ ተራ አድማጮች ደግሞ ሣጥናችንን እንፈትሽ፤ ካሴቱን ከእርጥበት እናርቅ፣ ክሩ ቢበጠስ እንኳ ሽፋኑን አንጣል፤ የተጻፈበትን ስም እንቅዳው።

ጥሩውን ከመጥፎው እንለይ ብንል ነገ የሚለይ ሰው ይገኛል፤ የሚለየው ነገር መኖር አለበት። ዛሬ «ያ ደግሞ ምን ዘመን ነበር!» ብለን የናቅነውን ዘመን የልጅ ልጆቻችን ሲጠይቁን የአንድ ቁም ሣጥን ሸክላ አውጥተን «አገሩ በሙሉ ይህ ነበር» ብንላቸው ዋሸናቸው ማለት ነው።